የጋራ ገንዘብ ለማን መንገድ? ከአባይ በረሃ እስከ አዲስ አበባ ቀላል ባቡር

ፍኖተ ሰላም ማለት የሰላም መንገድ ማለት ነው። የምዕራብ ጎጃም ዞን ዋና ከተማ ስሟ መንገድ፣ ኑሮዋም ከመንገድ ነው። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በአባይ በረሃ፣ በደጀን፣ በደብረ ማርቆስና በደምበጫ አድርጎ የሚመጣው አውራ ጎዳና ጅጋን አቋርጦ ፍኖተ ሰላም ይገባል፤ ከዚያም በማንኩሳ በኩል ቡሬ ደርሶ ወደ ባሕር ዳርና ጎንደር ይቀጥላል። ቡሬ ላይ ደግሞ ወደ ነቀምት የሚወርደው መንገድ ይለያል። የጃቢ ጠህናን በቆሎ፣ ጤፍና በርበሬ ወደ ገበያ የሚወጣው፣ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር የሚገባው በዚሁ መስመር ነው።

ይሁን እንጂ የአርሶ አደሩ ማሳ ያለው አስፋልቱ ዳር ብቻ አይደለም። ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ የሚኖር አባል፣ በክረምት ጭቃው መኪና ሲያግድ እህሉን በአህያ ጭኖ፣ ማዳበሪያውን በትከሻው ተሸክሞ ወንዝ ይሻገራል። ይህ ሰው በሬዲዮ አዲስ አበባ ላይ ስለተሠራ የከተማ ባቡር ወይም ስለ ፈጣን መንገድ ሲሰማ አንድ ጥያቄ ቢያነሳ አይፈረድበትም። ለእነዚህ ግዙፍ የከተማ ሥራዎች የሚወጣው የመላው ሀገር ገንዘብ ነው? ከሆነስ ተገቢ ነው?

ጥያቄው በቅናት የሚነሳ ወይም ከተማንና ገጠርን ለማጋጨት የሚቀርብ አይደለም። የኅብረት ሥራ አባል በየጠቅላላ ጉባኤው የሚጠይቀው ጥያቄ ነው፤ በጋራ ባዋጣነው ገንዘብ የተገዛው ንብረት ማንን አገለገለ? መልሱን ለማግኘት የመንገዱን ታሪክ ከመነሻው መመልከት ይጠቅማል።

አባይ ያጠረው ሀገር

ጎጃም በሦስት አቅጣጫ በአባይ የተከበበ ሀገር ነው። ውሃው ለምለም ቢያደርገውም፣ ገደሉ ከጎረቤቱ ለይቶት ኖሯል። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በነገሥታቱ ትእዛዝ በአባይ ላይ የተሠሩት የድንጋይ ድልድዮች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ከእነዚህ አንዱ በሞጣ በኩል ወደ ቤጌምድር የሚያሻግረው ሰባራ ድልድይ ነው። ስሙ እንደሚናገረው በጣሊያን ወረራ ዘመን መካከሉ ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ ለብዙ አሥርት ዓመታት የአካባቢው ሰው ክፍተቱን የተሻገረው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ከወዲያና ከወዲህ ማዶ ሰው እየሳበው ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ በውጭ በጎ ፈቃደኞች እገዛ ተጠገነ፤ ነገር ግን ጥቂት ክረምት ሳያልፍ ጎርፍ ወሰደው፤ በኋላም በተንጠልጣይ ድልድይ ተተካ። የአንዲት ጠባብ ድልድይ ስብራት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ጠጋኝ ማጣቱ፣ የጋራ ገንዘብ ወደ ገጠር ለመድረስ ምን ያህል ይዘገይ እንደነበረ ያሳያል።

የመንገድ አለመኖር በጦርነትም ታይቷል። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1933 ዓ.ም. ከሱዳን በኦሜድላና በበላያ በኩል ወደ ጎጃም ሲገቡ፣ የጌዲዮን ጦር የተባለው ኃይል ስንቁንና ጥይቱን ያጓጓዘው 15 ሺህ በሚሆኑ ግመሎች ነበር። ከእነዚያ ግመሎች የተረፉት እጅግ ጥቂት ናቸው። ጦሩ ቡሬንና ደምበጫን አልፎ፣ ከጎጃም አርበኞች ጋር ሆኖ ደብረ ማርቆስ ሲገባ፣ ከበላያ ወዲህ ያለው መንገድ በግመል አጥንት ተመልክቶ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጣሊያን በአምስቱ ዓመት ብዙ መንገድ ቆርጧል። ዓላማው ግን ጦር ማመላለስና ሀገር መያዝ እንጂ የገበሬውን እህል ገበያ ማድረስ አልነበረም። ከነጻነት በኋላ እነዚህ መንገዶች በጥገና እጦት ፈራረሱ። በመስከረም 1943 ዓ.ም. የዓለም ባንክ ለኢትዮጵያ ለመንገድ ሥራ 5 ሚሊዮን ዶላር አበደረ። ይህ ባንኩ ለአፍሪካ ከሰጣቸው የመጀመሪያዎቹ ብድሮች አንዱ ነው። በዚያው ዓመት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። ሀገሪቱ መንገድ በብድር መሥራት የጀመረችው ያኔ ነው፤ ብድሩን ደግሞ የሚከፍለው ወደ ውጭ የሚላከው የገበሬው ምርት ነበር።

ግብር ከፋዩ የሚጠይቀው

ጎጃም ግብር ከፍሎ ዝም የሚል ሀገር ሆኖ አያውቅም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ የሞጣ፣ የቢቸናና የዳሞት ገበሬ ተነሳ። ዋናው ሥጋት ግብሩ መሬት ወደ መለካት፣ ልኬቱም ርስትን ወደ መንካት ያመራል የሚል ነበር። መንግሥት ጦር ላከ፤ አውሮፕላንም ደበደበ። በመጨረሻ ግን የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ተነሱ፣ የተጠራቀመው ውዝፍ ግብርም ተማረ። ከዚህ ታሪክ የሚቀረው ትምህርት፣ ሕዝብ ያልተማከረበትና ጥቅሙ ያልታየው ክፍያ እንደማይዘልቅ ነው።

በደርግ ዘመን ሸክሙ በሌላ መልክ መጣ። ገበሬው ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በኮታ፣ በተቆረጠ ዝቅተኛ ዋጋ እህል እንዲያስገባ ተገደደ። ጎጃም ከአርሲና ከሸዋ ጋር የኮታው ዋና ምንጭ ነበር። ያ እህል የጦር ሠራዊቱንና የከተማውን ነዋሪ በርካሽ ይቀልብ ነበር። በዚያ ዘመን ገጠሩ ከተማውን ይደጉም የነበረው በበጀት ሰነድ ሳይሆን በጆንያ ነው። ኮታው የተነሳው በየካቲት 1982 ዓ.ም. በታወጀው የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ነው። ዛሬ ዕድሜያቸው የገፋ አባላት ስለ ኅብረት ሥራ ሲነሳ መጀመሪያ የሚያስታውሱት ይህን ዘመን መሆኑ አያስገርምም። በ1991 ዓ.ም. የወጣው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147 በፈቃደኝነትና በአባላት ባለቤትነት ላይ የተመሠረተው ይህ ትዝታ እንዳይደገም ጭምር ነው።

የፌዴራል ገንዘብ የማን ነው?

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ይህን ጥያቄ በከፊል መልሷል። በአንቀጽ 51 መሠረት የባቡር ትራንስፖርትና ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ክልሎችን የሚያገናኙ ዋና ዋና መንገዶች የፌዴራል መንግሥት ኃላፊነት ናቸው። ክልሎች ከፌዴራል የሚያገኙትን ድጎማ ቀመር የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። አዲስ አበባ በዚህ የድጎማ ቀመር ውስጥ የለችም፤ በጀቷን በዋናነት የምትሸፍነው ከራሷ ገቢ ነው። ስለዚህ «አዲስ አበባ የሚሠራው ሁሉ ከእኛ ድጎማ ተቀንሶ ነው» ማለት ትክክል አይሆንም። የፌዴራል ገንዘብ ወደ ከተማዋ ትላልቅ ሥራዎች የሚገባው በሌላ በር፣ ማለትም በፌዴራል ተቋማት በኩልና የፌዴራል መንግሥት በሚበደረው የውጭ ብድር ነው።

በ1989 ዓ.ም. የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም ሲጀመር የሀገሪቱ መንገድ በጠቅላላው 26,550 ኪሎ ሜትር ነበር፤ በጥሩ ይዞታ ላይ የነበረው ከአራት አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። በዚያው ዓመት የመንገድ ፈንድ ተቋቋመ። ፈንዱ ከነዳጅ ሽያጭ ላይ ገንዘብ እየሰበሰበ ለፌዴራል፣ ለክልልና ለከተማ መንገዶች ጥገና ያከፋፍላል። ነዳጅ የቀዳ ሁሉ፣ ለወፍጮም ሆነ ለጭነት መኪና፣ ለመንገድ ከፍሏል ማለት ነው።

የፕሮግራሙን ፍሬ ጎጃምም ቀምሷል። የአባይ በረሃ ቁልቁለት በጃፓን መንግሥት እርዳታ ታደሰ፤ 303 ሜትር ርዝመት ያለው የሕዳሴ ድልድይም በዚያው እርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ ተመረቀ። አስፋልቱ በደብረ ማርቆስና በቡሬ በኩል ባሕር ዳር ሲደርስ የጉዞው ጊዜ አጠረ። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ሁሉን አቀፍ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ተጀመረ። ዓላማው እያንዳንዱን ቀበሌ በጋ ከክረምት ከሚያስገባ መንገድ ጋር ማገናኘት ሲሆን፣ በአምስት ዓመት ከ71 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ለመሥራት ታቅዶ ነበር። ብዙ ቀበሌዎች ታሪካቸው ውስጥ መኪና ያዩት በዚህ ፕሮግራም ነው። ብዙዎቹ መንገዶች ግን በቂ የውሃ ማፋሰሻና ድልድይ ሳይኖራቸው፣ የጥገና በጀትም ሳይመደብላቸው ስለተሠሩ በሁለትና በሦስት ክረምት ተቦርቡረዋል።

የአዲስ አበባ ሥራዎች

በዚሁ ዘመን በአዲስ አበባ ትላልቅ ሥራዎች ተከናወኑ። በ1990ዎቹ በቻይና ተቋራጭ የቀለበት መንገዱ ተሠራ። በ2006 ዓ.ም. 85 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የአዲስ አበባ - አዳማ ፈጣን መንገድ ተመረቀ። መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ደግሞ የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሥራ ጀመረ።

ቀላል ባቡሩ 34 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት፣ ሁለት መስመር፣ 39 ጣቢያና 41 ባቡር ነበረው። አንዱ መስመር ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች፣ ሌላው ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ ይዘልቃል። ወጪው 475 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን፣ አብዛኛው ከቻይና ኤግዚም ባንክ በብድር የተገኘ ነው። ያስገነባው የፌዴራል መንግሥት የልማት ድርጅት የሆነው የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን ነው። የመሳፈሪያው ዋጋ እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። ይህ ዋጋ ዝቅተኛ ገቢ ላለው የከተማ ነዋሪ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ በየቀኑም ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ይሳፈር ነበር። ከገጠር ለሥራ፣ ለሕክምናና ለትምህርት አዲስ አበባ የገቡ የጎጃም ልጆችም ከተሳፋሪዎቹ መካከል ናቸው።

ይሁን እንጂ ከትኬት የሚገኘው ገንዘብ ብድሩን ሊመልስ ቀርቶ ባቡሮቹን መጠገን አልቻለም። መለዋወጫ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ በመሆኑ፣ ጥቂት ዓመታት ሳይቆጠሩ ከ41ዱ ባቡሮች ብዙዎቹ ቆሙ። ብድሩም በዶላር ነው። መስመሩ ሲመረቅ አንድ ዶላር 21 ብር ገደማ ነበርና 475 ሚሊዮን ዶላር ማለት 10 ቢሊዮን ብር ያህል ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ አንድ ዶላር ከ120 ብር አልፏል፤ በዚህ ሂሳብ ያው ገንዘብ ከ57 ቢሊዮን ብር በላይ ይሆናል። ከብድሩ የተከፈለው ተቀንሶ የቀረው ሁሉ በአዲሱ ምንዛሪ ነው የሚታሰበው። ዶላሩ ደግሞ ከየት ይመጣል? ሀገሪቱ ወደ ውጭ ከምትልካቸው ምርቶች መካከል ቡና፣ የቅባት እህልና ጥራጥሬ ይገኛሉ። ስለዚህ ባቡሩን አይቶት የማያውቅ ገበሬ ከባለዕዳዎቹ አንዱ ነው።

የአዳማው ፈጣን መንገድ ግን የተለየ ትምህርት ይሰጣል። እሱም በብድር ተሠርቷል፤ ነገር ግን የሚገለገልበት መኪና ሁሉ በኬላው ይከፍላል። መክፈል ያልፈለገ የድሮውን መንገድ ይዞ ይሄዳል። መንገዱ ለጅቡቲ መስመር አንድ አካል ስለሆነ ማዳበሪያ የጫነ መኪናም ይመላለስበታል። ተጠቃሚው ይታወቃል፣ ክፍያውም ይታወቃል።

በሌላው ዓለም

ይህ ክርክር በሀብታም ሀገሮችም አለ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1956 የፌዴራል አውራ ጎዳናዎችን ስትጀምር፣ ከወጪው 90 በመቶውን ማዕከላዊው መንግሥት እንዲሸፍን፣ ገንዘቡም ከነዳጅ ግብር እንዲመጣ ወሰነች። መንገዶቹ ክፍለ ሀገሮቹን አገናኙ፤ ነገር ግን ከተማ ውስጥ ሲገቡ ብዙ የድሃ ሰፈሮችን አፈረሱ። ቦስተን ከተማ ውስጥ የነበረውን ከፍ ያለ መንገድ ወደ መሬት ውስጥ ለማውረድ የተያዘው ሥራ ሲታሰብ 2.8 ቢሊዮን ዶላር ይፈጃል ተብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ሲያልቅ ወደ 15 ቢሊዮን ዶላር ተጠግቷል። ከገንዘቡ ከፊሉ ቦስተንን ረግጠው የማያውቁ ነዳጅ ቀጂዎች የከፈሉት ነው። ወጪው ከሩቅ ሲመጣ የሚቆጣጠረው ዓይን እንደሚደክም ይህ ምስክር ነው።

ለከተማውም ፍትሕ

የከተማውን ወገን ሳይሰሙ መፍረድ ግን ተገቢ አይደለም። የገበሬው ገበያ ከተማው ነው። ከጅጋ የተጫነ በርበሬ አዲስ አበባ ደጃፍ ላይ በመጨናነቅ ቢውል ኪሳራው የሾፌሩ ብቻ ሳይሆን የገበሬውም ነው። በ2016 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የአባይ ድልድይ ከተማ ውስጥ የተሠራ፣ በፌዴራል ገንዘብ የተሠራ ነው። ሆኖም ከምዕራብ ጎጃም ወደ ጎንደር የሚሻገር ጭነት ሁሉ ያልፍበታል፤ ከስድሳ ዓመት በላይ ያገለገለውን አሮጌ ድልድይም አሳርፏል። ይህን ድልድይ «የከተማ ሥራ ነው» ብሎ የሚቃወም አርሶ አደር አይገኝም። የቡሬው የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክም ቢሆን ያለ ጥሩ የከተማ መንገድ ጥሬ ዕቃ ሊያስገባ፣ ምርት ሊያስወጣ አይችልም።

ስለዚህ ጉዳዩ የከተማ ወይስ የገጠር የሚል አይደለም። የባሕር ዳሩ ድልድይ ሁሉን ያሻግራል፤ የአዳማው መንገድ ተጠቃሚውን ያስከፍላል፤ ቀላል ባቡሩ ግን በዋናነት የአንድ ከተማ ነዋሪን አገልግሎ ዕዳውን ለሁሉ አካፈለ። በ1999 ዓ.ም. ሕዝብ ቆጠራ መሠረት ከ73.9 ሚሊዮኑ ኢትዮጵያዊ አዲስ አበባ ውስጥ የነበረው 2.7 ሚሊዮን ያህሉ ነው። የከተማ ባቡር አይሠራ ማለት ሳይሆን፣ ከተማዋ ከመሬት ሊዝ፣ ከንግድ ግብርና ከትኬት ከምታገኘው ገቢ የዕዳውን ዋና ድርሻ ትሸከም ማለት ነው። ባቡሩ ያለፈበት ቦታ ዋጋው ሲጨምር ተጠቃሚው የዚያው ከተማ ባለይዞታና ነጋዴ ነውና።

በሌላ በኩል የገጠር መንገድ ጥቅም በጥናት የተረጋገጠ ነው። ከ1986 እስከ 1996 ዓ.ም. ባለው ጊዜ በ15 የኢትዮጵያ የገጠር መንደሮች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት፣ በጋ ከክረምት የሚያስገባ መንገድ ማግኘት ድህነትን በ6.9 የመቶኛ ነጥብ እንደቀነሰ፣ የቤተሰብ ፍጆታን ዕድገትም በ16.3 በመቶ ከፍ እንዳደረገ አሳይቷል። ከመንደሮቹ አንዷ የምሥራቅ ጎጃሟ የትመን ናት። ይህን ያህል ውጤት የተገኘው በዘመናዊ ፈጣን መንገድ ሳይሆን ውሃ በማይወስደው ተራ የጠጠር መንገድ ነው።

ከኅብረት ሥራ የሚወሰድ ትምህርት

የኅብረት ሥራ ማኅበራት ይህን ጉዳይ በራሳቸው ቤት ፈትተውታል። አንድ መሠረታዊ ማኅበር መጋዘን ሲፈልግና ዩኒየኑ የጭነት መኪና ሲገዛ፣ ከጋራው ገንዘብ የሚወጣው ለሁሉ ለሚጠቅመው ነው፤ ለአንድ ቀበሌ ብቻ ለሚጠቅመው ያ ቀበሌ የበለጠ ያዋጣል። አዋጅ ቁጥር 147 ደግሞ ከተጣራ ትርፍ 30 በመቶው ተቀንሶ በመጠባበቂያነት እንዲቀመጥ ደንግጎ ነበር። መጠባበቂያ የሌለው ማኅበር የመጀመሪያው መጥፎ ዓመት እንደሚጥለው አባላት በተግባር ያውቁታል። 41 ባቡር ገዝቶ ለመለዋወጫ አለመቆጠብ፣ ቀበሌ ድረስ መንገድ ቆርጦ ለጥገና አለመመደብ አንድ ዓይነት ስህተት ነው። ልዩነቱ የአንዱ ዋጋ በዶላር፣ የሌላው በገበሬው ጉልበት መቆጠሩ ነው።

በመሆኑም ለየደረጃው አመራር የሚቀርበው የአርሶ አደሩ ጥያቄ ሦስት ነገሮችን ይዟል። አንደኛ፣ የፌዴራል ገንዘብ ቅድሚያ የሚሰጠው ክልል ከክልል፣ ገጠር ከገበያ ለሚያገናኝ መንገድ ይሁን። ሁለተኛ፣ አንድ ከተማን በዋናነት ለሚያገለግል ውድ ሥራ ከተማውና ተጠቃሚው ዋናውን ድርሻ ይክፈሉ፤ ብድሩም ሲፈረም ማን እንደሚመልሰው ለሕዝብ ይነገር። ሦስተኛ፣ የጥገና ገንዘቡ ያልታወቀ መንገድም ሆነ ባቡር አይጀመር። ይህ ሦስተኛው ለከተማ ብቻ የሚነገር አይደለም። ወረዳና ቀበሌም በየዓመቱ መስከረም ላይ የተቦረቦረውን መንገድ ለመጠገን በጀት ይዘው፣ ማኅበረሰቡም ቦዩን በመጥረግና ድንጋይ በማቅረብ ድርሻውን ሊወጣ ይገባል።

መንገድ ቢሠራም ሰላም ከሌለ አያስኬድም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በተፈጠረው ግጭት መንገድ በተዘጋ ቁጥር ማዳበሪያው በወቅቱ አልደረሰም፣ እህሉም ዋጋ አጥቶ ተቀምጧል። የፍኖተ ሰላም ስም መንገድንና ሰላምን አንድ ላይ ያሰረው ያለ ምክንያት አይመስልም።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። የሀገር ትላልቅ ሥራዎችም እንደዚሁ ለብዙ ትከሻ ሲከፋፈሉ ይቀላሉ። ሸክሙን የተካፈለ ግን ከሎሚውም ሊደርሰው ይገባል። ከጅጋ አስፋልት ወጣ ብሎ ባለው ቀበሌ የሚኖረው አባል ድርሻው የከተማ ባቡር አይደለም፤ በነሐሴ ዝናብ ማዳበሪያውን እስከ ማሳው የሚያደርስለት፣ በጥር እህሉን እስከ ማኅበሩ መጋዘን የሚያወጣለት መንገድ ነው።